አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ መርፌ

ሊማ ላይ፣ በሐምሌ፣ ሰማዩ ሲደክመው፣
ዝናብ አይሉት ነገር ጎዳናውን ሲያርሰው፣
ሶይላ ከሱቄ ገባች፣ ሁለት ካርቶን ታቅፋ፣
ከጋማራ ድረስ ለአውቶቡስ ተሰልፋ።
ጣቷ ላይ የመርፌ ጠባሳ፣ አንገቷ ላይ ሜትር፤
ሠላሳ ዓመት ስፌት። አሁን ግን ሊያስቸግር
መጣ የጥልፍ መኪና፣ ያለ ኮምፒውተር የማይናገር።

«ግጠምልኝ» አለችኝ፤ «ግን ቆሜ አያለሁ፤
ስፌቱን ሳላገላብጥ መች ሒሳብ እከፍላለሁ?»

ማዘርቦርዱን አወጣሁ። ክዳኑን ገለጥኩት።
ሶኬቱ ውስጥ ያሉትን መርፌዎች በመብራት አሳየኋት፤
ጤፍ የሚያካክሉ፣ ወርቅ የተቀቡ፣ አንገታቸውን የሰበሩ።
«ስንት ናቸው?»
«አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ።»
«በፕሮሰሰሩ ሆድ ያሉት ነጥቦችስ?»
«ያው ናቸው፤ አይጎድልም አንድ።»
«ገጠመ በለኛ! ቁልፍና ቀዳዳ
እኩል ከሆነማ፣ ሸሚዙ ምን ሊጎዳ?»

ከጥጉ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን
ከቦርዱ ምልክት ጋር ፊት ለፊት አስተያየን።
አስቀመጥኩት። ፕሮሰሰር በጣት አይጫንም፤
በራሱ ክብደት ካልተኛ፣ ቦታው ያ አይደለም።
ተኛ።
ዘንጉን መለስኩት፤ ጥርሱን ነክሶ ተዘጋ።
ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨልሞ፣ ጨልሞ ሳይነጋ።

ያኔ ነው ያየሁት፣ ማየት ሲገባኝ ፊት፣
በካርቶኑ ጎን ያለች አንዲት ደቃቅ ጽሕፈት፦
ቦርዱ የስድስተኛና የሰባተኛው ትውልድ፤
ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ፤ መልክ እንጂ የሌለው ዘመድ።
ሠሪው ቁጥሩን ሳይነካ፣ ቅርጹን ሳይቀይር፣
የአንዳንዱን መርፌ ሥራ ለውጦታል በሥውር።

አፈርኩ። ባለሙያው እኔ ነኝ። እሷ ግን ሳቀች፤
«የልጄ ቀሚስ ልኬ ነው፣ ዚፑም ይዘጋል» አለች፣
«ለብሼው ብወጣ ግን፣ ሰፈሩ አያውቀኝም።»

ታች ወርዳ ለመነች። ነጋዴው
«የተሸጠ አይመለስም» አላት።
ተሳድባ ተመለሰች፤ ጉንጯ ቀልቶ፣ ካርቶኑ ረጥቦባት።

ከመደርደሪያዬ ሥር አንድ ቦርድ ነበረኝ፣
ለስምንተኛው የሚሆን፣ ግን ገዢ ያሳጣኝ፤
ሦስቱ መርፌ ጎብጦ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ።
ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፤ እጄ ተንቀጥቅጦ፣ ላቤ ተንጠፍጥፎ
ትቼዋለሁ። ስልሳ ሦስት ዓመት ሆነኝ።
ያ ወርቅ ሁለቴ ይታጠፋል፤ በሦስተኛው ይሰበራል።
ይህንንም ነገርኳት።

«አምጣው» አለች። ከደረቷ ነቀለች
አሥር ቁጥር መርፌ፤ አጉሊ መነጽሬን አጠለቀች።
ትንፋሿን ያዘች፤ እኔም የራሴን ያዝኩ።
አንዱ ቀና። ሁለተኛው ቀና።
ሦስተኛውን አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ማራገቢያው እንደገና ዞረ። ቆየ።
በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ታየ።
«ምን ይላል?» አለችኝ፣ መርፌውን በጥርሷ ይዛ።
«ስሙን ጠራው» አልኳት። «የፕሮሰሰሩን ስም።
አወቀው ማለት ነው።»

በሒሳቡ ተጨቃጨቅን፤ እኔ ልቀንስ፣ እሷ ልትጨምር።
በመጨረሻ ስልሳ ሶል ሰጠችኝ፣ ከዚያች ቦርድ ጋር፤
ደረጃውን ስትወርድ፣
ሜትሯ ከአንገቷ ላይ ሲወዛወዝ ነበር።

ቦርዷ እኔ ዘንድ አለች። ደንበኛ ያነሣታል፣
«የተበላሸች ናት?» ይላል።
አልተበላሸችም። መርፌዋ ሁሉ ቀጥ ብሎ፣
ክዳኗን ለብሳ፣
ሰባተኛውን የያዘ ሰው እስኪመጣ
ተቀምጣለች።

እኔ ደግሞ ከጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ
ቀይ ክር ያልወጣለት
አንድ አሥር ቁጥር መርፌ ሰክቻለሁ።